ገጣሚ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ መኖር፦ ከሌይአውት እስከ መድረክ የተጠቃሚ ግምገማ

የግጥም መድበል ለማሳተም ያሰባችሁ ልጆች በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። የት ይሻላል? አከፋፋይ ያዋጣል ወይ? መድረክስ እንዴት ይገኛል? ለእያንዳንዱ በውስጥ መስመር ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ስሙ ግምገማ ይሁን። ምግብ ቤት የሚገመግም ሰው ሽሮው ቀጥኗል፣ አስተናጋጁ ዘግይቷል ይላል አይደል? እኔም ገጣሚ ተብዬ በዚህ ከተማ ለመኖር ገንዘብና ጊዜ የማፈስባቸውን አገልግሎቶች በዚያው ዓይን ላያቸው ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ፣ የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ያቁም። ሌይአውት፣ ማለትም ጽሑፉ በኮምፒውተር ገጽ በገጽ ሲሰናዳ፣ ከሚሰራው ልጅ አጠገብ ካልተቀመጣችሁ ጉድ ትሆናላችሁ። ማተሚያ ቤት ወረቀቱንና ሙጫውን ካወቃችሁለት አያስቸግርም። አከፋፋይ ለግጥም አይሆንም። የግጥም ምሽቶቻችን ቆንጆ ናቸው፣ ግን የተሰናዱት ለተመልካቹ ነው፤ ገጣሚው እዚያ እንግዳ ነው፣ ያውም ትራንስፖርቱን ከኪሱ የከፈለ እንግዳ። መጽሐፍ የሚሸጠውም እዚያው በር ላይ ነው።

ከሌይአውት ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው መስመሩ የትም ቢሰበር ግድ የለውም። ግጥም ግን መስመሩ ራሱ ግጥሙ ነው። የእኛ ግጥም ደግሞ በቀለም፣ ማለትም ቃሉ ሲነበብ በሚሰማው የድምፅ ቁራጭ፣ የሚለካ ነው። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ነው፣ ስንኙ ሲደመር 12 ቀለም። ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ቡሄ በሉ አራት አራት። እነዚህ ትንሽ መጽሐፍ ላይ ያለችግር ይገባሉ። ጣጣው የጸጋዬ ቤት ሲመጣ ነው። ስምንት ስምንት ነው፣ 16 ቀለም። አብዛኛው መድበል የሚታተመው የኤ-ፎር ወረቀት ግማሽ በሆነ መጠን ነው፤ ፊደሉ ተለቅ፣ ህዳጉ ሰፋ ካለ ያ ስንኝ አይበቃውም። ኮምፒውተሩ የመጨረሻዋን ቃል ገፍቶ ታች ያወርዳታል። የራሴን ስንኝ ላሳያችሁ፣ የመጀመሪያው ፕሩፍ (ለእርማት የሚታተመው ናሙና) ላይ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው፦

በዚያ በክረምቱ ዝናብ ሌት፣ ጠብታው ቆርቆሮ
ሲመታ

ቤት የምትመታው ቃል ብቻዋን ታች ወርዳ ተቀመጠች። አንባቢ አዲስ ስንኝ ይመስለዋል። ቀጣዩም፣ ከዚያ ቀጣዩም እንደዚያው። ሰባት ገጽ ግጥም ቤት መምታቱን አቁሞ ደረጃ የሚወርድ ሰካራም መሰለ። ሌይአውት የሚሰራልኝን ልጅ ምንድነው ይሄ ስለው «እህቴ፣ ባለፈው ያሳተመውም ገጣሚ እንዲህ ነው የሆነለት፣ ምንም አላለም» አለኝ። ምናልባት ያ ሰው ዘመናዊ ነው ብሎ አልፎት ይሆናል፣ እኔ እንጃ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወይ ፊደሉን ወደ 11 ማውረድ፣ ወይ ህዳጉን ማጥበብ፣ ወይ ስንኙን ራሳችሁ መሀሉ ላይ፣ ስምንተኛው ቀለም ላይ ቆርጣችሁ ሁለተኛውን ሐረግ ገባ አድርጋችሁ መጻፍ። ሦስተኛውን እመርጣለሁ። የምትቆርጡት ግን እናንተ ናችሁ፣ ማሽኑ አይደለም። ይህን ለልጁ በቃል ብትነግሩት እሺ ይላል፣ ከሄዳችሁ በኋላ ይረሳዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ በእጃችሁ ሰርታችሁ ስጡት፣ ሌላውን በዚያ ያስኬደዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደል ነው። ግጥሞቻችንን የምንጽፈው ስልክ ላይ ነው። ብዙ ሌይአውት ቤቶች ደግሞ ዛሬም ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የቆየ የኮምፒውተር ፊደል ነው የሚጠቀሙት። ሁለቱ አይተዋወቁም። የስልኩን ጽሑፍ ወደዚያ ሲገለብጡት አብዛኛው በሰላም ያልፋል፣ «ሏ» እና «ኳ» ላይ ሲደርስ ግን ባዶ ሳጥን ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። «ቀጥሏል» «ቀጥል» ሆኖ ቢወጣ ማን ያስተውላል? ትርጉም አለው እኮ! ከሳጥን የሚከፋው ይሄ ነው፣ ሳጥን ቢያንስ ዓይን ይወጋል። እርማት ስታነቡ እነዚህን ፊደሎች ብቻ እየፈለጋችሁ አንድ ዙር ሂዱ።

አበባውን ሳልረሳ። ልጆቹ ባዶ ቦታ አይወዱም። አራት ስንኝ ያለችው አጭር ግጥም ገጹን ሳትሞላው ስትቀር ከሥሯ ጽጌረዳ ያስገባሉ። ወይም ሻማ። ወይም ላባ ብዕር፣ ከነቀለም ብልቃጡ። ስለ እናቴ ልቅሶ የጻፍኳት ግጥም ሥር ሁለት እርግቦች ሲሳሳሙ አግኝቻለሁ። አውጣልኝ ስል «ባዶ ሆነ እኮ» ብሎ አዘነልኝ። ባዶውን ራሱ ነው የከፈልኩበት አልኩት። ለዚህ አገልግሎት ከአምስት ኮከብ ሁለት። አንዷ ልጁ በእውነት ትዕግሥተኛ ስለነበረ ነው፤ ከሥራ ስወጣ አምሽቶ ይጠብቀኝ ነበር፣ ሻይም ይጋብዘኝ ነበር።

ወደ ማተሚያ ቤት። ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ሌሎችም ትልልቆች አሉ። የትልልቆቹ ማሽን የሚንቀሳቀሰው ግን በጋዜጣና በመማሪያ መጽሐፍ ነው። እንደኔ ቢጤ አንድ ሺህ ኮፒ ግጥም የያዘ ሰው የሚያዋጣው ሰፈር ውስጥ፣ ፎቅ ሥር ወይም ግቢ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። ሁለት ነገር ካወቃችሁ አይጫወቱባችሁም።

አንደኛ፣ በኦፍሴት (በፕሌት በሚያትመው ማሽን) መጽሐፍ በፎርም ነው የሚታተመው። አንድ ፎርም ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ነው። ስድስት ፎርም 96 ገጽ፣ ሰባት ፎርም 112። የእናንተ መጽሐፍ 99 ገጽ ከሆነ ለሦስት ገጽ ብላችሁ ሙሉ ፎርም ትከፍላላችሁ። ወይ ሦስት ገጽ ቀንሱ፣ ወይ ደብተራችሁን ገልብጣችሁ 112 ሙሉት። እኔ ብሆን እቀንሳለሁ። በዚህ ሀገር ከታተመ መድበል ውስጥ ሦስት ገጽ ቢቀነስለት የማይሻሻል አላየሁም፣ የኔንም ጨምሮ።

ሁለተኛ፣ ኦፍሴት ላይ ዋናው ወጪ መነሻው ነው፣ ፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት ብረት) እና ማሽን ማሰናዳቱ። ስለዚህ 500 ኮፒና 1000 ኮፒ የምታስቡትን ያህል አይራራቁም። «አንድ ሺህ ይሻልሻል፣ አንዱ ሲመጣ ይረክሳል» ይላሉ፣ ሒሳቡም ልክ ነው። ችግሩ አምስት መቶውን የት ታስቀምጡታላችሁ? እኔ አልጋ ሥር ነው። መቶና ሁለት መቶ ብቻ ከፈለጋችሁ ዲጂታል አለ፣ ለአንዱ ውድ ነው ግን በጥቅሉ ኪስ አያራቁትም፣ ለመጀመሪያ መጽሐፍ እሱን ነው የምመክረው።

ዋጋ ጠይቃችሁኝ አልነግራችሁም ማለቴ አይደለም። ብነግራችሁም ሳምንት አይቆይም። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ ፕሮፎርማ የያዛችሁ ሰዎች ፕሮፎርማው ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ዋጋው ስንት ቀን እንደሚቆይ ይላል። ቀብድ ስትከፍሉ ወረቀቱ በስማችሁ ተገዝቶ መጋዘን መግባቱን ጠይቁ። አያፍሩም፣ እናንተም አትፈሩ። ነሐሴ ላይ ደግሞ አትሂዱ። ለአዲስ ዓመት ካሌንደርና ፖስተር ላይ ተወጥረው ነው የሚከርሙት፣ ግጥም ጥግ ላይ ተደርጎ መስቀል ያልፋል።

ጥረዛ ላይ ምስጋናዬን ላቅርብ። በኔ ማተሚያ ቤት መጽሐፉን የሚጠርዙት አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ጋሼ እንበላቸው። የመጀመሪያዎቹን ኮፒዎች ሲያስረክቡኝ አንዱን ከመሀል ከፈቱና ጀርባው እስኪታጠፍ ወደ ኋላ ጠመዘዙት። እኔ ደነገጥኩ። «አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ካልረገፈ አይረግፍም» አሉኝ። ሌላ አንሥተው እንደዚያው አደረጉት። ሦስተኛው ላይ አራት ቅጠል እጃቸው ላይ ቀረ። ምንም ሳይሉ ያን ጥቅል ሙሉ ለብቻ አስቀምጠው ሙጫውን እንደገና አስቀቡት። ባለቤቱ ቢሆን ሸፍኖ ያስረክበኝ ነበር። እናንተም መጽሐፋችሁን ስትረከቡ እንዲህ ፈትሹ፣ አታባብሉት። ለማተሚያ ቤቱ ሦስት ኮከብ፣ ለጋሼ አምስት።

የአይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ጉዳይ፣ ባጭሩ። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ነው የሚሰጠው። «እኛ እንጨርስልሻለን» ካሏችሁ እሺ አትበሉ፣ ራሳችሁ ሂዱ። በዚያ በኩል ሌላ ጉዳይ ካላችሁ እግረ መንገዳችሁን ታደርሱታላችሁ።

አከፋፋይ። ትንሽ ልናደድ ነው፣ ታገሱኝ።

ወደ አከፋፋይ የሄድኩት መጽሐፉ ትኩስ እያለ ነው። ሰውየው ሽፋኑን አየ፣ ገለበጠው፣ መሀሉን ከፈተና መስመሩ አጭር አጭር መሆኑን ሲያይ ዘጋው። «ግጥም ነው እንዴ?» አለኝ። ግጥም ነው። «ግጥም አይሄድም እህቴ።» ከዚያ ቢሆንም ውሰጂ ማለት ከብዶት ይሁን አዝኖልኝ ጥቂት በኮሚሽን ተቀበለኝ። አርባ በመቶው የሱ ነው። የቀረው የኔ ነው፣ ከተሸጠ፣ ሲሸጥ፣ ሒሳብ ስንዘጋ። ሒሳብ መዝጋት የሚባለው ቀን ግን እንደ ጳጉሜ ስድስተኛ ነው፣ አንዳንዴ ብቻ ነው የሚመጣ። ስደውል ወጥቷል። ስሄድ ምሳ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያልተሸጠውን መልስልኝ ስል ከሰጠሁት የሚያንስ፣ ጠርዙ የቆሸሸ ጥቅል ሰጠኝ። የጎደለውስ? «ተሸጦ ይሆናላ።» ገንዘቡስ? «እናየዋለን።» ገና እያየነው ነው።

በሰውየው ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። መደርደሪያው ኪራይ ይከፈልበታል፤ ፒያሳም ካዛንቺስም ሲፈርስ ስንት የመጽሐፍ ቦታ እንደተበተነ አይተናል። ለሚሄድ መጽሐፍ ቦታ መስጠቱ አይገርምም። ግጥም አይሄድም የሚለውን ግን አልቀበለውም። አዟሪዎቹን ጠይቁ። ለገሃርና ሜክሲኮ መጽሐፍ በክንዳቸው ከወገባቸው እስከ አገጫቸው ቆልለው የሚዞሩትን ልጆች ማለቴ ነው። ከዚያ ቁልል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ግጥም አለ። ሸክም ስለሆነ የማይሄድ ነገር አይሸከሙም። አንዱ ልጅ የኔን መጽሐፍ ገልጦ ሁለት ግጥም ቆሞ አነበበና «ይቺን ብታስቀድሚያት ይሻል ነበር፣ ሰው የመጀመሪያዋን ነው ቆሞ የሚያነባት» አለኝ። ካገኘኋቸው ሂሶች ሁሉ እሱን ነው የያዝኩት። አምስት ይወስዳል፣ በጥሬ ይገዛል፣ ሲያልቅ ይደውላል። ሒሳብ መዝጋት የለም። ለአከፋፋይ አንድ ኮከብ፣ ለአዟሪ አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ዋጋውን በራሱ ስቲከር ስለሚሸፍነው ነው።

አሁን ወደ መድረኩ። ብዙ የምለው እዚህ ነው ያለኝ።

የግጥም ምሽት ይህ ከተማ ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው፣ ይህን ማንም አይወስድብንም። ራስ ሆቴል ውስጥ «ግጥም በጃዝ» የሚባለው ምሽት ስሙ ከገነነ ስንት ዓመት ሆነው! ሰው ቆሞ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ግጥም ሲሰማ አይቼ ነው እኔም ልጻፍ ያልኩት። በሀገር ፍቅርም፣ በብሔራዊ ቴአትርም፣ በወመዘክር አዳራሽም ይነበባል። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉም ካፌውም የየራሱን ጀምሯል፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። እኔ ከትልልቁም ከትንንሹም ላይ አንብቤያለሁ። ከዚህ በታች የማማርረው ከትንንሾቹ ስለ አንዳንዶቹ ነው፣ ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

እንደ ተመልካች ልገምግመው ካላችሁ አራት ተኩል ኮከብ። የመግቢያው ዋጋ ለምሽቱ አይበዛም። ሙዚቀኞቹ አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ጥሩ ሳክስፎን ተጫዋች ገጣሚው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አብሮት ይወርዳል፣ ስንኙ ሲያልቅ ትንፋሽ ይሰጠውና ቀጣዩን ይጠብቃል። ያ ነገር ሲሰምር ሰውነትን ይወርራል። አንድ ቅሬታ ብቻ፣ ለሁሉም ግጥም ትዝታ ነው የሚጫወቱት። ስለ ታክሲ ወረፋ የጻፍኩት ቀልድ ሁሉ በትዝታ ታጅቦ ሰው እንባ አውጥቷል። ልታነቡ የምትወጡ ልጆች ከመድረክ በፊት ወደ ሙዚቀኞቹ ሂዱ። አንቺሆዬ አድርጉልኝ በሉ፣ ባቲ በሉ፣ ወይም ቤዙ ብቻ ይጫወት በሉ። ዝም በሉልኝ ብትሉም ቅር አይላቸውም፣ እንዲያውም ይወዱታል፣ ቢራቸውን ይጠጣሉ።

እንደ ገጣሚ ልገምግመው ካላችሁ ግን ሁለት።

እስቲ አንድ ምሽት ላይ ማን ምን እንደሚከፈለው ቁጠሩ። ድምፅ ማጉያ ያከራየው ይከፈለዋል። ባንዱ ይከፈለዋል፣ በደንብ ባይሆንም። ቤቱ ከቢራውም ከምግቡም ያገኛል። በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ የቀኗን ትቀበላለች። ገጣሚውስ? «መድረኩን አገኘሽ እኮ!» ይባላል። አንዳንዱ ቤት ትራንስፖርት ብሎ በፖስታ ትንሽ ነገር ይሰጣል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ማታ በሦስት ሰዓት ከመሀል ከተማ ሲኤምሲ የራይድ ዋጋ ስንት እንደሆነ ግን የገባቸው አይመስለኝም። ለግጥም ገንዘብ መጠየቅ ነውር ሆኖ ነው ያደግነው። አዝማሪው እንኳ ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል!

ደግሞ መድረክ መሪ አለ። አንብቤ ወረድኩ። ጭብጨባ። ከዚያ መሪው ማይኩን ይዞ ግጥሜን ያብራራል። «ገጣሚያችን እዚህ ላይ ወንዝ ስትል፣ መቼም ገብቷችኋል፣ ወርቁ…» ወርቁ ምንድነው? እኔም አላውቅም። ወንዝ ነው። አባቴ የተሻገረው ወንዝ። የኛ ታዳሚ ሰምና ወርቅ ፍለጋ ጆሮውን አሹሎ ነው የሚመጣው፣ ቅኔ ያሳደገው ሕዝብ ስለሆነ ደስ ይለኛል፣ ግን አንዳንዴ ይሰለቻል። ስለ ድመቴ አንብቤ ስወርድ ሦስት ሰው በየተራ ጠቅሶኝ «ድመቷ ማን እንደሆነች ገብቶናል» አለኝ። ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ያቺ ድመት ማን ልትሆን እንደምትችል ሳስብ ከርሜያለሁ። ይሄው መሪ ወደ መድረክ ሲጠራኝ «ሴት ገጣሚ» ነው የሚለኝ። ወንዶቹን ወንድ ገጣሚ ብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። መድረክ ግጥማችንን እየለወጠው ነው። አዳራሽ ውስጥ ግጥም አንዴ ብቻ ነው የሚሰማ። ጀርባችሁ ላይ የማኪያቶ ማሽን ይጮሃል። ስለዚህ እጃችሁ ሳታውቁት በየሁለት ስንኙ ጭብጨባ የሚያመጣ ነገር መጻፍ ይለምዳል። ቤት መምቻው ላይ ቦምብ ማስቀመጥ። መሀሉ ባዶ ይሁን፣ ግድ የለም፣ መጨረሻዋ ላይ ይጮሃሉ። እኔ ራሴ ስጽፍ «እዚህ ጋ ያጨበጭባሉ» የምትል ድምፅ ጆሮዬ ላይ ትመጣለች። ቀስ ብሎ የሚከፈት ግጥም፣ ሁለቴ ሦስቴ ካልተነበበ የማይገባ ግጥም መድረክ ላይ ይሞታል። ያ ግጥም መጽሐፍ ይፈልጋል። መጽሐፉን ደግሞ አከፋፋዩ አይፈልገውም፣ ክቡ ይሄ ነው። ትልልቆቹ ምሽቶች ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል ከሙዚቃው መሀል ያለ አጃቢ የሚነበብ ጽሑፍ ወይም ወግ ጣል የሚያደርጉት። ትንንሾቹም ቢለምዱት ጥሩ ነው። ከምሽቱ አንድ ግጥም ሁለቴ ይነበብ። አንዴ ከባንዱ ጋር፣ አንዴ ባዶውን። ምንም ወጪ የለውም።

ጠዋት ስትነሡ ደግሞ ራሳችሁን ቲክቶክ ላይ ታገኙታላችሁ። የሆነ ሰው ቀድቷችኋል። ከሥሩ ዋሽንት ገብቶበታል። ስማችሁ የለም፣ «ልብ የሚነካ ግጥም» ይላል። ከኔ ግጥሞች በጣም የታየው በዚህ መንገድ የታየው ነው፣ የተቆረጠውም ልክ ከዋናው ስንኝ በፊት ነው። መጽሐፋችሁ ሙሉውን በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ሲመጣም አትደነቁ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ከናንተ ጋር ነው። ለቻናሉ ባለቤት በጨዋ ቋንቋ ጻፉለት። አንዱ ይቅርታ ጠይቆኝ አወረደው፣ ሌላው «መጽሐፉን ስላስተዋወቅኩልሽ ልታመሰግኚኝ ይገባል» አለኝ። ያስቃል፣ ግን ውሸቱን አይደለም፤ ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት አንባቢ በዚያ ቻናል አይታኝ አሥር ኮፒ በሰው አስልካ ወስዳለች።

ታዲያ በምን ትኖሪያለሽ ለምትሉኝ፣ በግጥም ዙሪያ ባለው ሥራ ነው እንጂ በግጥም አይደለም። የሬዲዮ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። የሠርግ ግጥም እጽፋለሁ፣ የሙሽራውን ስም ቤት ማስመታት አንዳንዴ ፈተና ነው፣ ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ይግባልን ይላሉ። የካቲት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ሁሉም መሥሪያ ቤት ለ23 የዓድዋ ግጥም ይፈልጋል። «አጠር፣ ወኔ ቀስቃሽ፣ የድርጅታችን ስም ሦስት ቦታ ይግባ።» ምኒልክና የብድር አገልግሎት አንድ ስንኝ ላይ እንዴት ይገናኛሉ? እንዲገናኙ አድርጌያለሁ፣ ተከፍሎኛልም። እነዚህ ሥራዎች በደንብ ይከፍላሉ፣ ግን ከመስማማታችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይኑራችሁ፦ ግማሹን ቅድሚያ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፍሉ። ቲን ነምበር ከሌላችሁ ዛሬውኑ አውጡ፤ ፋይናንስ ክፍል ያሉት እትዬ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ያለሱ አንዲት ሳንቲም አያንቀሳቅሱም።

የመጽሐፍ ምርቃት ላይ አስተያየቴ አጭር ነው። አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባነር፣ ውሃ፣ ክራር ተጫዋች፣ ሁሉም ከናንተ ኪስ ነው። የሚመጣው ዘመድና ጓደኛ ነው። ንግግር ይበዛል፣ ግጥም ያንሳል። አንድ ጋሼ ተነሥተው የመጀመሪያውን ኮፒ በእጥፍ ዋጋ ከገዙ ወጪያችሁ ይሸፈናል፣ ካልተነሡ ዕዳ ነው። እኔ ሁለተኛውን መጽሐፌን ሳላስመርቅ በቀጥታ ወደ ግጥም ምሽት በር ነው ያወጣሁት። ያ ይሻላል። ግጥም የሚወድ ሰው ተሰብስቦ ያለው እዚያ ነው፣ አሁን ሲያነቡ የሰማቸውን ሰው መጽሐፍ ለመግዛት እጁ አይሰስትም። አንድ መድረክ ላይ በአንድ ማታ የሸጥኩት አከፋፋዩ ዓመቱን ሙሉ ሸጥኩ ካለኝ ይበልጣል፣ ማንም አርባ በመቶ አልነካብኝም። ጠረጴዛ ማስቀመጥ የሚከለክል ቤት ካጋጠማችሁ በትህትና ተከራከሩ። ያለ ክፍያ እያነበባችሁ ጠረጴዛ መከልከል አግባብ አይደለም። አንዱ ቤት ላይ «ጠረጴዛው የምግብ ነው» አሉኝ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ ደረጃው ላይ ሸጥኩ።

ተመልካች ሆናችሁ ለምትሄዱትም ይጠቅማችኋል። ፕሮግራሙ እጀምራለሁ ካለበት ሰዓት ቢያንስ አርባ ደቂቃ ይዘገያል፣ ግን ወንበር ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ድረሱ። ታዋቂዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ አዲሶቹ የሚያነቡት ሰው ገና ቢራ ሲያዝ ነው፣ አስተናጋጁን ቶሎ ሸኙት። ከማኪያቶ ማሽኑና ከባንኮኒው ራቅ በሉ፣ ከስፒከሩም እንደዚያው። መጽሐፍ የምትገዙ ከሆነ በእረፍቱ ግዙ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ለራይድ ይሮጣል። አብዛኞቻችን በቴሌብር እንቀበላለን፣ ዝርዝር ግን አይኖረንም።